ከተማው ፕላቲነም ሆነ፤ ሰፈሩስ?

አንድ ከተማ የዘላቂነት ሰርተፍኬት ሲያገኝ ዜናው ሁሌም ይመሳሰላል። ከንቲባው ወረቀቱን ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ደረጃው ይነገራል፤ ብር ነው፣ ወርቅ ነው፣ ፕላቲነም ነው ይባላል። ከዚያ ዜናው ያልቃል። እዚያ ከተማ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ምን ተለካ? የት ላይ ተለካ? እኔ የምኖርበት ሰፈርስ ገብቶበታል?

ሰርተፍኬት አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ከተሞች መለካት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ያልተለካ ነገር በወሬ ይሸፈናል። "ንጹህና አረንጓዴ ከተማ እንገነባለን" ማለት ለማንም አይከብድም። አንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠቀማል፣ በዓመት ስንት ቶን ቆሻሻ ይነሳል፣ አየሩ ውስጥ ምን ያህል ብናኝ አለ ብሎ ቁጥር ማስቀመጥና በሌላ ሰው ማስመርመር ግን ትልቅ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎችን አከብራለሁ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰርተፍኬቱ ሲመጣ በየሰፈሩ የተለካውን የሚያሳይ ካርታ አብሮት አይመጣም። ካርታ ከሌለው ደግሞ ለነዋሪው ብዙም አይነግረውም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሁሉንም "ሰርተፍኬት" ብለን እንጠራዋለን እንጂ ከጀርባው ያለው ነገር በጣም ይለያያል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2014 አይ.ኤስ.ኦ 37120 የሚባል የከተሞች መለኪያ አወጣ። የመጀመሪያው እትም 100 አመልካቾች ነበሩት፤ 46ቱ ዋና፣ 54ቱ ደጋፊ። በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ላይ የተቋቋመው የዓለም የከተሞች መረጃ ምክር ቤት በዚህ መለኪያ መሠረት ለከተሞች ደረጃ መስጠት ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ እትም ከ91 እስከ 100 አመልካቾችን ሞልቶ በገለልተኛ መርማሪ ያረጋገጠ ከተማ ፕላቲነም ይባል ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፕላቲነም የተባለው መረጃውን ስላቀረበ ነው። ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። አየሩ የተበከለ ከተማ መበከሉን በትክክል ለክቶ ካሳወቀ ነጥቡን ያገኛል። መለኪያው ራሱም ይህን አይደብቅም፤ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ወሰን አላስቀምጥም ይላል።

ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። መጥፎ ቁጥሩን በአደባባይ የሚያወጣ ከተማ ሊመሰገን ይገባል። ግን ስንቱ ነዋሪ ነው "ፕላቲነም" ሲባል "መረጃ አሟልቷል ማለት ነው" ብሎ የሚረዳው? እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሰማው አየሩና ውሃው የተመሰከረለት ከተማ መስሎኝ ነበር።

ሌሎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይለካሉ። የእንግሊዙ ብሪም ለሰፈር ልማት የሚሰጠው ምዘና ዋና ትኩረቱ ዕቅዱ ላይ ነው። ስለዚህ ገና መሠረቱ ያልተጣለ ሰፈር ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። የአሜሪካ አረንጓዴ ግንባታ ምክር ቤት ለከተሞች የሚሰጠው ሊድ ደግሞ ውጤት ላይ ያተኩራል፤ ኃይል፣ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ ትራንስፖርትና የነዋሪውን ኑሮ ያያል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2017 በዚህ መለኪያ በዓለም የመጀመሪያዋ ፕላቲነም ከተማ ሆናለች። አንዱ መረጃን፣ አንዱ ዕቅድን፣ አንዱ ውጤትን። ሦስቱም ሰርተፍኬት ይባላሉ፤ ሦስቱም ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ያው ናቸው።

አሁን ወደ ካርታው ልመለስ። ጉዳዩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ የሚያሳየው የቫሌንሲያ ታሪክ ነው።

የአውሮፓ ኮሚሽን ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ አንድን ከተማ "የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና" ብሎ ይሰይማል። በወጉ ሰርተፍኬት ሳይሆን ሽልማት ነው፤ ግን የሚሰጠው በዝርዝር መመዘኛ ነው፣ ከተሞችም የሚጠቀሙበት እንደ ሰርተፍኬት ነው። የ2024ቷ ተሸላሚ ስፔናዊቷ ቫሌንሲያ ነበረች። የከተማዋ ኩራት የቱሪያ መናፈሻ ነው። በ1957 የቱሪያ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ወንዙ በደቡብ በኩል በአዲስ ሰፊ ቦይ እንዲያልፍ ተደረገ። ደረቅ የቀረው የድሮው የወንዝ ሸለቆ ቀስ በቀስ መናፈሻ ሆነ። ዛሬ ከተማዋን አቋርጦ የሚሄድ ረጅም አረንጓዴ ቦታ ነው። ማንም ቢሆን የሚመኘው ዓይነት።

ከዚያ ኦክቶበር 29 ቀን 2024 መጣ። ከከተማዋ በስተምዕራብ ቺቫ በምትባል ቦታ ላይ በስምንት ሰዓት ውስጥ 491 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ውሃው የፖዮ ሸለቆን ይዞ ወደ ባሕር ሲንደረደር መንገዱ ላይ ያገኘው ከቫሌንሲያ በስተደቡብ ያሉትን ትንንሽ ከተሞች ነው። ፓይፖርታ ውስጥ ያን ከሰዓት ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልነበረም። ሰው መኪናውን ለማውጣት ምድር ቤት እየወረደ፣ ሱቁን እየዘጋ ሳለ ውሃው ከላይ መጣበት። የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ስልክ ላይ የጮኸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። ያኔ ውሃው ብዙ ቤት ገብቶ ነበር። በቫሌንሲያ ክፍለ ሀገር ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

መሃል ከተማው ግን ደረቅ ነበር። ቦዩ ጠበቀው። መናፈሻውም አልተነካም። ላ ቶሬ የምትባል ሰፈር አለች። በአስተዳደር የቫሌንሲያ አካል ናት። ግን የምትገኘው ከቦዩ ወዲያ ማዶ ነው። እዚያ ሰው ሞቷል።

ሽልማቱ ጎርፉን አመጣው እያልኩ አይደለም። መናፈሻው መሠራት አልነበረበትም እያልኩም አይደለም። የምለው አንድ ነው። የተሸለመው ከተማ ድንበር አለው። ድንበሩን ያሰመረው አስተዳደር ነው። ውሃ ግን አስተዳደር አያውቅም። ጭስም አያውቅም። ጠዋት ከጎረቤት ከተማ ተነስቶ ለሥራ የሚገባው ሠራተኛም እንደዚያው ነው፤ ኑሮው ከመስመሩ በሁለቱም በኩል ነው። ከተማው ቆሻሻውን ከድንበሩ ውጭ ከጣለ፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ከሌላ ቦታ ካመጣ፣ በራሱ መዝገብ ላይ ንጹህ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሸክሙን የተሸከመው ጎረቤት ግን የትም መዝገብ ላይ የለም።

ይህን ችግር ቀድመው ያሰቡበት አሉ። የጃፓኑ ካስቢ የሚባለው መለኪያ በአንድ ቦታ ዙሪያ ምናባዊ አጥር ያሰምራል። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን የኑሮ ጥራት በአንድ በኩል ያስቀምጣል። አጥሩን አልፎ ወደ ውጭ የሚሄደውን ጫና በሌላ በኩል። ከዚያ ጥራቱን ለጫናው ያካፍለዋል። ግቢህን አሳምረህ ቆሻሻህን ለጎረቤት ከገፋህ አካፋዩ ይተልቃል፣ ውጤትህ ይወርዳል። ስሌቱ እንዲህ ቀላል ነው። ሌሎቹ መለኪያዎች ይህን ሐሳብ ለምን አልወሰዱትም ብዬ ብዙ ጊዜ እገረማለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ አማካይ ነው። ሰርተፍኬት ለአማካይ ይሰጣል፤ ሰው ግን በአማካይ አይኖርም።

በምሳሌ ልሞክረው። እኩል ሕዝብ ያለባቸው ሁለት ሰፈሮች ያሉት ከተማ አለ እንበል። በአንደኛው ሰፈር አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት በአማካይ 10 ማይክሮግራም ነው በአንድ ሜትር ኩብ። በሁለተኛው፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበትና ፋብሪካ ባለበት፣ 40 ነው። የከተማው አማካይ 25 ይሆናል። ከተማው በጀት ይዞ ተነሳ። የት ይጀምር? ቀላሉ ቦታ የመጀመሪያው ሰፈር ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዛፍ የሚተከልበት ቦታ አለ፣ ነዋሪውም ጠያቂ ነው። እዚያ ተሠራ፤ 10 የነበረው 4 ሆነ። የከተማው አማካይ ወደ 22 ወረደ። ሪፖርቱ ላይ "መሻሻል ታይቷል" ተብሎ ይጻፋል፤ ውሸትም አይደለም። በሁለተኛው ሰፈር ያለው ልጅ ግን ያንኑ 40 እየተነፈሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ምክር በዓመት ከ5 እንዳይበልጥ ነው።

አረንጓዴ ቦታም ላይ ያው ነው። በአይ.ኤስ.ኦው መለኪያ የሚጠየቀው ለ100,000 ሰው ስንት ሄክታር እንዳለ ነው። የት እንዳለ አይጠየቅም። ከተማው ጫፍ ላይ ትልቅ ጫካ ካለው ቁጥሩ ያምራል። መሃል ላይ በተጨናነቀው ሰፈር ያለች አሮጊት ግን ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር ለማግኘት ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ከቤቷ በእግር አምስት ደቂቃ የሚርቅ አንድ ዛፍ ለእሷ ከዚያ ጫካ ይበልጣል። መለኪያው ይህን ማየት አይችልም፤ ካርታ ያያል።

ገንዘቡም ሌላ ጣጣ ነው። መረጃ መሰብሰብ፣ አማካሪ መቅጠር፣ መርማሪ ማምጣት ወጪ አለው። ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ይህን አይችልም። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የሚታዩት አቅም ያላቸው ናቸው፤ የሌሉት ሁሉ ግን የከፉ ናቸው ማለት አይደለም።

በዚህ በኩል የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት መንገድ ደስ ይለኛል። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራ የማዘጋጃ ቤቶች ፕሮግራም አላቸው። ለመመዝገብ አይከፈልም። ማዘጋጃ ቤቱ መጀመሪያ ነዋሪዎች ያሉበት "አረንጓዴ ቡድን" ማቋቋም ግድ ነው። ያለ እሱ አይሆንም። ከዚያ በተሠራው ሥራ ነጥብ ይሰበሰባል፤ 150 ሲሞላ ነሐስ፣ 350 ሲሞላ ብር። ደረጃው ከሦስት ዓመት በኋላ ያልፍበታል፤ እንደገና መሠራት አለበት። የነጥብ አሰባሰብ ችግር እዚህም አለ። ቀላሉን ሥራ መርጦ ነጥብ መልቀም ይቻላል። ግን ቢያንስ ፋይሉን የከፈተው፣ ወረቀቱን የሞላው፣ ስብሰባ የገባው የሰፈሩ ሰው ነው። ምን እንደተለካ ያውቃል።

የስዊዘርላንዱ "ኤነርጊሽታት"፣ ማለትም "የኃይል ከተማ"፣ ደግሞ አንድ ፍትሐዊ ነገር አለው። ትንሿን መንደር ከትልቁ ከተማ ጋር አያወዳድርም። አንተ በአቅምህ ልትሠራ ከምትችለው ውስጥ ስንት እጁን ሠራህ ብሎ ይጠይቃል። 50 በመቶ ከሠራህ መለያውን ታገኛለህ፣ 75 በመቶ ከሆነ ወርቅ ትሆናለህ። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። ተመልሶ የሚመጣ መርማሪ ያስፈልጋል። ሃምቡርግ በ2011 የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና ነበረች። በ2015 በዚያችው ከተማ ሙርቡርግ የሚባል ግዙፍ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የተዘጋው በ2021 ነው። ሽልማት ግን አንዴ ከተሰጠ ተመልሶ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከተማችሁ ሰርተፍኬት አገኘ ሲባል ደስ ይበላችሁ፤ የሠሩትንም አመስግኑ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ካርታውን ጠይቁ። በየሰፈሩ የተለካውን ቁጥር የሚያሳይ፣ የተለካበት ቀን ያለበት፣ ከከተማው ድንበር ወዲያ ያለውንም የሚያሳይ ካርታ። ቆሻሻችን የት ይሄዳል? ውሃችን ሲሞላ ማን ላይ ይፈስሳል? እነዚያ ሰዎች ተጠይቀዋል ወይ? የራሳችሁን መንገድ ካርታው ላይ ፈልጉት። በጣም የከፋው ቁጥር የት ሰፈር እንደሆነ እዩ፤ የሚቀጥለው በጀት እዚያ መጀመሩን ጠይቁ።

"እንዲህ ዓይነት ካርታ የለንም" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ያኔ በጨዋ ደንብ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ብዙዎቹ የከተማ ቁጥሮች ከየአካባቢው ተለቅመው ነው የሚደመሩት። የአየር መለኪያው የሆነ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ የቆሻሻ መኪናው ከሆነ ሰፈር ጭኗል፤ የውሃ ቆጣሪው የሆነ ቤት በር ላይ ነው። አማካዩ ከመውጣቱ በፊት የነበሩት ቁጥሮች የት ናቸው?