ቼክሊስቱን አስቀምጡና ክፍል ግቡ

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት «ድጋፍና ክትትል» የማይባልበት ቀን የለም። እቅዱ ላይ አለ፣ ሪፖርቱ ላይ አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ላለ ሰው ግን የሚታየው ክትትሉ ብቻ ነው።

ገጠር አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ያየሁትን ልንገራችሁ። ከወረዳ የመጣው ቡድን ቀጥታ ቢሮ ይገባል። «እቅድ አለ? ቃለ ጉባኤ አለ? የማጠናከሪያ ትምህርት ፕሮግራም አለ?» ርዕሰ መምህሩ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ይረፍዳል። ከዚያ ግብረ መልሱ ይፈረማል፣ እንግዶቹ ይሄዳሉ። ከቢሮው አጠገብ ባለው ሁለተኛ ክፍል ግማሹ ልጅ ማንበብ አይችልም ነበር። አንዱን ተማሪ «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ቢሉት ኖሮ ያውቁት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር አገር ደነገጠ። እኔ ትዝ ያለኝ ያ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ሰዎቹ ሰነፎች ናቸው አልልም። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ፣ ማለትም የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚደግፈው ባለሙያ፣ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ይዞ ብዙ ጊዜ በእግሩ ነው የሚዞረው። የወረዳውን ባለሙያ ዞኑ የሚጠይቀው ቁጥር ስለሆነ ቁጥር ይሰበስባል። ርዕሰ መምህሩም ጎበዝ አስተማሪ ስለነበር ተሾመ እንጂ፣ የድጎማ ገንዘብ በምን እንደሚውል ከወላጆች ጋር እንዴት እንደሚወሰን፣ የተኳረፉ መምህራን እንዴት እንደሚታረቁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳየው የለም። ይባስ ብሎ በትምህርት ቀን ለስብሰባ ወረዳ ይጠራል። የትምህርት ቤቶችን ጥራት የሚመዝነው ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን ከዝቅተኛው ደረጃ 1 እስከ ከፍተኛው ደረጃ 4 ይመድባል። ደረጃ 1 የተባለው ትምህርት ቤት ሕመሙ ተነግሮታል፤ ሐኪሙ ግን ደረጃውን ነግሮት ሄደ።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ለሱፐርቫይዘሩ የትራንስፖርት በጀት ይያዝለት። በአንድ ቀን ሦስት ትምህርት ቤት ከሚያዳርስ አንዱ ጋ ይዋል። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ክፍል ይግባ፣ አንድ ችግር ይምረጡ፣ ሲመለስ ስለዚያው ይጠይቅ።

እንዲህ ያደረገ አንድ ሱፐርቫይዘር አውቃለሁ። ከርዕሰ መምህራችን ጋር የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ሙሉ ክፍለ ጊዜዬን ተከታተለ። ሲወጣ እኔን አልገመገመኝም። ርዕሰ መምህሩን «አንተ ምን አየህ?» አለው። እስኪመሽ ተነጋገሩ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣና፣ ያን ቀን ማንበብ ያቃታትን ልጅ ፈልጎ መጽሐፉን ከፈተላት።