ስፖንሰር ያደረገ ሁሉ ውጤቱን መቆለፍ አይችልም

ጅማ ዙሪያ ቡና ያለው አርሶ አደር 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ሲነሳ ወዲያው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን መግባቱ ከታወቀ በኋላ የማሳው ፍሬ ሲረግፍ፣ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መረጡ። ፊት ላይ ያለው 74 የተመረጠበት ዓመት ነው። ሥራው በመልኮ የምርምር ማዕከል ተፈትሾ ለገበሬው ደረሰ። ወጪው የሕዝብ ነበር፤ ዘሩም የሕዝብ ሆነ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች በጀት ሲያጥራቸው ወደ ኩባንያዎች መሄዳቸውን አልቃወምም። ያለ ኬሚካልና ያለ መሣሪያ ላቦራቶሪ ባዶ ክፍል ነው። ገንዘቡን ያወጣ ድርጅትም ከግኝቱ መጠቀሙ ተገቢ ነው። የሚያስፈራኝ ውሉ ውስጥ የምትገባ አንዲት አንቀጽ ናት፤ «ውጤቱ ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ አይታተምም» የምትለው።

ይህች አንቀጽ ምን እንደምታደርግ በካሊፎርኒያ ታይቷል። ቤቲ ዶንግ የተባሉ ተመራማሪ በቡትስ ኩባንያ ገንዘብ ሲንትሮይድ የተባለውን የእንቅርት (ታይሮይድ) መድኃኒት ከርካሾቹ አቻዎቹ ጋር አወዳደሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያልቅ ልዩነት የለም የሚል ውጤት ወጣ። ኩባንያው ጥናቱን አጣጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ሊታተም የነበረው ጽሑፍም በውሉ ምክንያት ተመልሶ ተወሰደ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በእነዚያ ዓመታት ያለምክንያት ውዱን ክኒን የገዛው ሕመምተኛ ውሉን አልፈረመም፣ አላየውምም።

ወደ እኛ ልመልሰው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጎማ ወይም ማና ወደተባሉት የጅማ ወረዳዎች ወርዶ የቡና ናሙና ሲሰበስብ ቀድሞ የሚጠይቀው ባለማሳውን ነው። ባለማሳው አባት የተማሪውን እጅ ይዘው ከዛፍ ዛፍ ያሳዩታል፤ ይቺኛዋ ሌላው ሲያረግፍ ፍሬዋን የያዘች ናት፣ ያቺኛዋን አባቴ ነው የተከላት ይሉታል። ተማሪው ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት ይከታል፣ ቀንና ቦታ ይጽፍበታል። ያ የዛፍ ምርጫ ራሱ የዓመታት ዕውቀት ነው። በኋላ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢወጣበት፣ የአባትየው ድርሻ የምስጋና ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ መሆን የለበትም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በእኛ አቆጣጠር) የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ መሆኑን፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጁ ከናሙናው ከረጢት ጋር አብሮ ማሳው ድረስ መውረድ አለበት።

ተማሪውስ? መመረቁ በአማካሪው እጅ ነው፤ አማካሪው «ፈርም» ካለው እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። የመመረቂያ ጽሑፉ ቢቆለፍበት ሥራ ሲፈልግ የሚያሳየው ነገር የለውም። በዚህ ሁኔታ የተሰጠ ፊርማን እኔ ስምምነት አልለውም።

ፓተንት የሚጠይቅ ድርጅት ማመልከቻው እስኪገባ ምስጢር መጠበቁ ያስፈልገዋል፤ አስቀድሞ የታተመ ነገር አዲስ ነው ለማለት ያስቸግራልና። ለዚህ 3 ወር ይሰጠው። ከዚያ በላይ ማዘግየት፣ በተለይ ደስ የማይል ውጤትን ማፈን፣ በየትኛውም ውል መፈቀድ የለበትም። የመመረቂያ ጽሑፍ ከነጭራሹ ከቁልፍ ውጭ ይሁን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን በመመሪያቸው ይጻፉት፤ ተማሪውም ውሉን መስክ ከመውረዱ በፊት፣ አማካሪው በሌለበት፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ያንብበው።