ማስተካከያ፦ የፍሊንትን ውሃ ማን መረዘው?

ስለ ሚሺጋኗ ፍሊንት ከተማ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የፍሊንት ወንዝ እርሳስ በተባለው መርዛማ ብረት የተበከለ እንደነበር፣ የከተማዋ ውሃ ከዲትሮይት መምጣቱ ቀርቶ ከዚህ ወንዝ እንዲቀዳ የወሰነውም ከንቲባው እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

እርሳሱ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከቧንቧው ነው። የወንዙ ውሃ ብረት ይበላል። ይህን የሚከላከል ኬሚካል መጨመር ነበረበት፤ አልተጨመረም። ያረጁት ቧንቧዎች እየተበሉ መርዙ እስከ ሕፃናት ጡጦ ደረሰ። ጥቅምት 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀነራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ዕቃዎቹን ስላዛገበት መጠቀሙን አቆመ። ቤተሰቦች ግን ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውሃ እስክትመለስ፣ አንድ ዓመት ያህል ለዚያው ውሃ እየከፈሉ ቆዩ። ለሞተር የታዘነውን ያህል ለልጅ አለመታዘኑ ዛሬም ያንገበግባል።

ከንቲባው ሚያዝያ 2014 የዲትሮይትን ውሃ የሚዘጋውን ቁልፍ ሲጫን የሚያሳየው ፎቶ ብዙ ሰው አሳስቷል። ሥልጣኑ ግን በእጁ አልነበረም። ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የግዛቱ ገዥ የሾመው የአስቸኳይ ጊዜ ኃላፊ ነው። ሕዝቡ አልመረጠውም፤ ሊያወርደውም አይችልም። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ጥቁር ነው፣ 40 በመቶ ገደማው ደግሞ ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። የሚሺጋን የሲቪል መብቶች ኮሚሽንም በ2017 ባወጣው ሪፖርት ሥር የሰደደ ዘረኝነት ለጥፋቱ ድርሻ እንዳለው አስፍሯል።

በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ካሳ 626 ሚሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው የተመደበው ያኔ ልጆች ለነበሩት ነው።