ክርክር፦ ለተማሪ መጠይቅ አይአርቢ ያስፈልጋል ወይስ የአድቫይዘር ፊርማ ይበቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለ የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛሉን ዲፌንድ ካደረገ በኋላ ዳታ ለመሰብሰብ ከመውጣቱ በፊት ኢቲካል ክሊራንስ፣ ማለት የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ፣ መያዝ አለበት፣ እሱን የሚሰጠው የኮሌጁ የኢቲክስ ኮሚቴ ማለትም አይአርቢው ነው። ለክርክር የቀረበው ሀሳብ «መጠይቅ ብቻ ለሚያስሞሉና የታካሚ ካርድ ብቻ ለሚያዩ የመመረቂያ ጥናቶች የአይአርቢ ግምገማ ቀርቶ የአድቫይዘርና የዲፓርትመንት ፊርማ ይብቃ» የሚል ነው። ደጋፊው የፐብሊክ ሄልዝ ተመራቂ ነው። ተቃዋሚዋ ዎርድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርተው አሁን የሚያስተምሩና በአንድ ኮሌጅ ኮሚቴ ውስጥ አባል የሆኑ ነርስ ናቸው።

ተመራቂው፦ ሲስተር፣ ጊዜ ሰጥተው ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ ስለማከብርዎት ብዬ ግን ዛሬ አልለዝብም። ማንም እንዳይሳሳት፣ እኔ ኢቲክስ ይቅር አላልኩም። ተስኪጊ ላይ ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር አሜሪካውያን በፈረንጅ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳያክሟቸው በሽታው የት እንደሚያደርሳቸው ሲከታተሉ እንደኖሩ ሪሰርች ሜቶዶሎጂ የወሰደ ሁሉ ያውቃል፣ ስላይዱ ራሱ ከዓመት ዓመት አይቀየርም። ግን እኔ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክትባት ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችን እናት «ልጅሽን ለሚቀጥለው ዙር ምን ቢሆን ነው ያላመጣሽው» ብዬ ስጠይቃት ከተስኪጊ ጋር ምን አገናኘኝ? እሷ ጥያቄው ከሰለቻት ተነስታ ትሄዳለች፣ አለቀ።

ፋይሉ የሚሄድበትን መንገድ እንየው እስቲ። ዲፓርትመንት ደብዳቤ ይጽፋል፣ አይአርቢ ቢሮ ገብቶ ይቀመጣል፣ ስትጠይቅ «ኮረም አልሞላም» ትባላለህ፣ ሌላ ጊዜ ስትሄድ ለሪቪወር፣ ማለት ለገምጋሚ፣ ተመርቷል፣ ሪቪወሩ ደግሞ ኢሜይል አያይም፣ ኮሪደር ላይ ጠብቀህ «ዶክተር ያቺ ፋይል» ትላለህ። ኮሜንቱ ሲመጣስ? «ሳምፕል ሳይዙ (የተጠያቂው ቁጥር) ላይ 10 ፐርሰንት ነን ሪስፖንስ (መልስ ለማይሰጡት) ጨምር»፣ «ስፔሲፊክ ኦብጀክቲቩ ግልጽ አይደለም»፣ «ማርጂን አስተካክል»። ይሄ ነው ኢቲክስ? ይሄንን እኮ ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሩ ጨርሶታል። ክሊራንሱን ስትይዝ ደግሞ ገና ጀመርክ ማለት ነው፣ ክልል ጤና ቢሮ፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ከዛ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ሁሉም ጋ ማህተም። ባቻችን ውስጥ ወባ ላይ ሊሰራ የተነሳ ልጅ ነበር፣ የወባ ዋናው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው፣ ፋይሉ ሲለቀቅለት ወባው አልፏል፣ ርዕስ ቀየረ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ በዋለው በተሻሻለው ኮመን ሩል፣ ማለት ሰው ላይ የሚደረግ ጥናትን በሚመራው ደንባቸው፣ ማንነት የማይገልጽ መጠይቅን ከግምገማ ነጻ ከሚሆኑት ውስጥ አስገብተውታል፣ እኛ ከነሱ ብሰን ነው?

ሲስተር፦ ወንድሜ መንገዱን ስትዘረዝር ግማሹን የኛ ያልሆነ ዕዳ ጫንክብን። ሰፖርት ሌተር ሌላ፣ ክሊራንስ ሌላ። ቢሮውና ወረዳው የሚጽፉልህ የመግቢያ ፈቃድ ነው፣ አይአርቢ ነገ ቢዘጋ እንኳ የወረዳው በር ላይ ያው መቆምህ አይቀርም። ስለ ኮመን ሩል ያልከው ልክ ነው ግን ጎዶሎ ነው። እዛም ቢሆን «የኔ ጥናት ነጻ ነው» ብሎ ራሱ አጥኚው እንዳይወስን ነው የሚመከረው፣ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጠው ያው በአይአርቢ ቢሮው በኩል ነው።

አሁን ወደ «መጠይቅ ብቻ» እንምጣ። በየዓመቱ ከማይቀሩት ርዕሶች አንዱ የተማሪዎች ድብርት ነው፣ መለኪያው ፒኤችኪው 9። ዘጠነኛው ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብሞት ይሻላል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሀሳብ መጥቶብህ ያውቃል ወይ ነው የሚለው። ፎርሙን በትነህ ሰበሰብክ እንበል። ማታ ዶርም ቁጭ ብለህ ኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌር ላይ ስታስገባ አንዱ ልጅ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለውን አክብቦታል። ስም የለውም፣ «ስም አይጻፍ» ብለህ ያዘዝከው አንተው ነህ። አሁን ምን ታደርጋለህ? በየዶርሙ እየዞርክ ማነው ትላለህ? ኮሚቴው የሚጠይቅህ ይሄንን ነው፣ ፎርሙ ግርጌ ላይ የካውንስሊንግ ቢሮ ስልክ አለ ወይ፣ ሰብሳቢው ሲቀበል እዛው ዘጠነኛዋን ያያል ወይ፣ ካየ ማንን ነው የሚጠራው። አድቫይዘርህ ጎበዝ ባዮስታቲስቲሺያን ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ግን ትዝ አይለውም፣ የሱ ዓይን ፒ ቫልዩ፣ የስታቲስቲክስ ውጤቱ ላይ ነው።

የቤት ውስጥ ጥቃት መጠይቅም «መጠይቅ ብቻ» ነው አይደል? የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቅ፣ ብቻዋን፣ ሰው ከገባ ወሬው ይቀየር ይላል። የቡታጅራ ገጠር የገባበት የድርጅቱ የብዙ አገሮች ጥናትም፣ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ የተሰራው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። ለምን መሰለህ፣ ባል ማታ «ምን ብለሽ ነገርሻቸው» ሲል እዛ የምትኖረው እሷ ናት፣ አንተ ታብሌትህን ይዘህ ሄደሃል።

ተመራቂው፦ ይሄ አሪፍ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ሲስተር ያነሷቸው ሁለቱም ከባድ ርዕሶች ናቸው፣ ድብርትና ጥቃት። እነሱ ሙሉ ኮሚቴ ይግቡ፣ ማን ተቃወመ? የኔ ጥያቄ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ነርሶች የሥራ እርካታ የሚጠይቀው ለምን እዛው ወረፋ ላይ ከነሱ ኋላ ይሰለፋል ነው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ወረቀቱ ራሱ ማንን ነው የሚጠብቀው? ኮንሰንት ፎርም፣ ማለት ተሳታፊው ፈቃዱን የሚሰጥበት ወረቀት፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያውቃሉ፣ ከሲኒየር ቴሲስ ኮፒ ፔስት ነው፣ አንዳንዱ ላይ «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉ» የሚለው ስር ያለው ስልክ ከሁለት ባች በፊት የተመረቀው ልጅ ስልክ ነው፣ ያም ሆኖ ኮሚቴውን አልፎ ማህተም ያርፍበታል። ታትሞ ሲወጣ ደግሞ አማርኛው አማርኛ አይደለም፣ «በዚህ ጥናት ውስጥ በመሳተፍዎ ሊያጋጥምዎ የሚችል ቀጥተኛ ስጋት የለም» ምናምን እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል፣ ዳታ ኮሌክተሩ በአንድ ትንፋሽ ያነበንበዋል፣ እናትየው «እሺ እሺ ቶሎ በል ወረፋዬ ደረሰ» ትላለች። ገጠር ከሆነ ይብሳል፣ «ፈርሚ» ስትላት ወይ የመሬት ወይ የግብር ወይ የሆነ መዋጮ ዝርዝር ነው የሚመስላት፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ደግሞ አጠገብህ ቆማለች፣ እምቢ ብትል ነገ እሷ ጋ ነው የምትታከመው። ይሄ ፈቃደኝነት ነው? ኮሚቴው እኮ እዛ ወርዶ አይቶ አያውቅም። ማህተም እስኪያርፍ ነው የሚያስጨንቀን፣ ካረፈ በኋላ ዳታውን ሰበሰብነው ወይስ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሞላነው የሚል ሰው የለም።

በኛው አገር እኮ የተሻለ ተሰርቷል። ወላይታ ላይ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለት ቀዩ አፈር በባዶ እግር የሚሄደውን የሚያመጣበት የእግር እብጠት፣ የዘር ጥናት ከመደረጉ በፊት አጥኚዎቹ ቀድመው ወርደው ሰው ጥናትን እንዴት ነው የሚረዳው፣ ምን ያስፈራዋል፣ ማን ቢያስረዳው ነው የሚያምነው ብለው ጠይቀው ኮንሰንቱን በዛ ነው ያስተካከሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ያ ነው ኢቲክስ የሚባለው። የኛው ግን ፎርማሊቲ ነው።

ሲስተር፦ የወላይታውን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል፣ ለኔ ግን ነው የሚመሰክረው። ኮንሰንት በአካባቢው ልክ ይሰፋ ከተባለ ያንን የሚጠይቅ ከአጥኚው ውጭ የሆነ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለ ፊርማው ካልክ ደግሞ፣ አደጋው ዝቅ ያለ ጥናት ላይ በቃል ኮንሰንት ይፈቀድልኝ ብለህ ምክንያቱን ጽፈህ ብትጠይቅ ይፈቀዳል፣ ተማሪዎቻችን አይጠይቁም፣ የሲኒየሩን ኮፒ ስለሚያደርጉ የሲኒየሩን ፊርማ መስመርም አብረው ያመጣሉ። ጤና ኤክስቴንሽኗንም ቤቱን አሳይታ ትመለስ ብለህ ፕሮቶኮልህ ላይ ጻፈው፣ ማን ከለከለህ?

የካርዱን ነገር ግን ዘለልከው፣ እኔ አልዘለውም። ሀሳቡ ላይ «የታካሚ ካርድ ብቻ» የሚል አለ። ካርድ ክፍል ምን እንደሚደረግ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሠራተኛዋ ቶሎ ውጡልኝ ትላለች፣ ልጁ ካርዱን ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ላይ ስም ከነአያት፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የኤችአይቪ ውጤት ሁሉም አለ። ከዛ ለዳታ ኢንትሪ እንዲመች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይለቀዋል። ግሩፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ስልክ ላይ በራሱ ዳውንሎድ ይሆናል፣ ጋለሪ ውስጥ ከሰርግ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል፣ ከተማው ደግሞ ትንሽ ነው፣ የሴትየዋ የባሏ እህት የአንዱ ልጅ ጎረቤት ናት። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ «ካርድ ብቻ ነው» ስለተባለ ነው። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ዝም ብሎ እንደ ሌላው ዳታ አይታይም።

ከዛ በላይ ደግሞ ካርድ ስታይ ባለቤቱን አታስፈቅደውም፣ የት ታገኘዋለህ። የሄልሲንኪ ዲክላሬሽን፣ ሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ጥናት የወጣው ዓለም አቀፍ የኢቲክስ መርህ፣ አንቀጽ 32 ሰው የሚለይበትን ዳታ ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚቻለው ማስፈቀድ የማይቻል ወይም የማያዋጣ ሲሆን፣ ያም የኢቲክስ ኮሚቴ አይቶ ካጸደቀው ብቻ ነው ይላል። ኮሚቴ ነው የሚለው፣ አድቫይዘር አይልም። አድቫይዘርህ ፔፐሩ ላይ ስሙ አለ፣ ለደረጃ እድገቱ ፔፐር ይቆጠርለታል፣ እንዴት አድርጎ ነው የራሱን ፍርድ የሚፈርደው? አንዳንዱ መምህር የራሱን ክላስ ተማሪዎች ሚድ ኤግዛም ሊገቡ ሲሉ ፎርም ያድላል፣ «በፈቃዳችሁ ነው» ይላል፣ እምቢ የሚል ተማሪ አይተህ ታውቃለህ? ጆርናሎቹም ቢሆኑ የክሊራንስ ቁጥር ይጠይቁሃል፣ ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያጸድቅልህ ኮሚቴ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሃል ይሄ ነው።

ተመራቂው፦ የቴሌግራሙን ተቀብያለሁ፣ ካርዱን ከሀሳቤ አወጣዋለሁ፣ ይቅር። ግን እኔ ከተቀበልኩ እርስዎም የሆነ ነገር ይቀበሉ። ስም የሌለው፣ ከአዋቂ ሰው ጋር የሚደረግ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ድብርት፣ ስለ ኤችአይቪ የማይጠይቅ መጠይቅ ሙሉ ስብሰባ አይጠብቅ። አንድ ሪቪወር ይየው፣ የኢቲክስ ኮሜንት ብቻ ይስጥ፣ ሳምፕል ሳይዙን ለኤግዛሚነሩ ይተውለት፣ የቆረጠ ቀነ ገደብ ይኑረው። በዛ ቀን መልስ ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠር።

ሲስተር፦ አንድ ሪቪወር የሚለው እኮ አዲስ ነገር አይደለም፣ ኤክስፐዳይትድ ሪቪው የሚባለው እሱ ነው፣ አገር አቀፍ መመሪያውም ያውቀዋል፣ ብዙ ኮሌጅ በወረቀት አለው፣ የሚጠቀምበት ነው የጠፋው። ሳምፕል ሳይዝ ላይ ግን ትንሽ አልስማማም፣ የማይረባ ጥናት ላይ ሰው ማድከም ራሱ ኢቲክስ ነው፣ ማርጂኑን ግን ልክ ነህ፣ እሱን የሚጽፍ ሪቪወር ሌላ የሚለው ስላጣ ነው። ለተማሪዎችም ልንገራቸው፣ ፋይል የሚመለሰው በአብዛኛው በአራት ነገር ነው፣ ኮንሰንቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ይመጣል፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ አይጻፍም፣ ሰው ቢጨነቅ ወይ ቢታመም የት እንደሚላክ የለም፣ መጠይቁ ራሱ ሳይያያዝ ይቀራል። የመጨረሻው ያስቃል ግን በየዙሩ አለ።

ቀነ ገደቡን እቀበላለሁ፣ ዛሬ ፈርሚ ብትለኝ እፈርማለሁ። ዝም ካልን ይለፍ የሚለውን ግን በፍጹም። ያ ፒኤችኪው 9 ያለበት ፋይል ርዕሱ «የሥራ እርካታና ተያያዥ ጉዳዮች» ተብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ሳይከፈት አለፈ ማለት ነው።

ተመራቂው፦ እንደዛማ ከሆነ ቀነ ገደቡ ምኑ ላይ ነው ገደብ የሆነው? የኔ መዘግየት ቅጣት አለው፣ ኤክስቴንሽን እጠይቃለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ቤት ኪራይ ይጨምርብኛል። የኮሚቴው መዘግየት ምን ያስከፍለዋል?

ሲስተር፦ ምንም። እሱ ላይ መልስ የለኝም፣ ሪቪወሩም በብዙ ቦታ በነጻ ነው የሚያነበው፣ ከማስተማሩ ከክሊኒኩ ተርፎት። የምሰጥህ አንድ ነገር ነው፣ ቀኑ ካለፈ ፋይሉ ቀጥታ ዲኑ ጋ ይሂድና በሳምንት ውስጥ ሌላ ሪቪወር ይመድብ፣ ስሙም ለተማሪው ይነገረው።

ተመራቂው፦ ዲኑስ ስብሰባ ላይ ከሆኑ?

ሲስተር፦ ምክትሉ ይመድባል። ውክልና የሚባል ደብዳቤ አለ እኮ፣ እሱን እንኳን በደንብ እናውቅበታለን።