ይድረስ ለዘመመው ፊደል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? መጠየቄ ለወጉ ነው እንጂ አለመታመምህን ታፔላው ሁሉ ይመሰክራል። እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በወረድኩ ቁጥር አይሃለሁ፤ ሆድህን ነፍተህ፣ ጫፍ ጫፍህን አሹለህ፣ ነፋስ እንደገፋው አጥር ወደ ቀኝ ዘመህ። ልጆቹ «ቦልድ ኢታሊክ» ይሉሃል። እኔ አቶ ልበልህ ወይስ ሲኞር ግራ ገብቶኛል።

ሲኞር ማለቴ ያለ ነገር አይደለም። ዘርህን ቆጥሬያለሁ። ፍራንቼስኮ ግሪፎ የሚባል ቀራጭ ቬኒስ ላይ ቀረጸህ፤ አልዱስ ማኑቲዩስ ደግሞ በፈረንጆቹ 1501 ሙሉ መጽሐፍ አተመብህ። ያኔ የእጅ ጽሕፈት የምትመስል ቀጭን ጨዋ ነበርክ። የወፈርከው ኋላ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማስታወቂያ ለጣፊ እጅ ስትወድቅ። የአገርህ ሰዎች ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጃቸውን ሲሰጡ ፒያሳንና ታፔላ የሚለውን ቃል ትተውልን ሄዱ። ወደናቸዋል፤ አሁን የእኛ ናቸው። አንተ ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ በኮምፒውተር ተሸሽገህ ገባህ።

ውፍረቱን ጠልቶ ነው እንዳትለኝ። ይህ ከተማ ወፍራም ፊደል አይቶ አያውቅም እንዴ? በነገሥታቱ ዘመን የጎንደር ጸሐፊዎች ጉልሕ የሚባለውን ትልቅ ፊደል በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጥሉት ደምቆ ይታይ ነበር። ግን ቆሞ! የሙያው ስም ራሱ ቁም ጽሕፈት ነው፤ ተጋደም ጽሕፈት ሲባል አልሰማሁም። ብራናው በወስፌ ይወጋል፣ መስመር ይሰመርበታል፣ ፊደሉ መስመሩ ላይ እንደ ዘበኛ ይቆማል። እኔ ልጅ ሳለሁ ፊደሌ ትንሽ ካጋደለ የኔታ «ጠላ አጠጥተኸዋል?» ይሉኝ ነበር። አንተን ቢያዩህ ምን አጠጣኸው እንደሚሉ እንጃ።

ላቲኑ ሲዘም ወግ አለው፤ ጥሩ ባለሙያ ፊደሉን እንደ አዲስ ይሥልለታል። የእኛን ግን ኮምፒውተሩ የቆመውን ትከሻውን ይዞ ገፋ ያደርገዋል፣ በቃ። እኛ ዘንድ ደግሞ የእግር አጣጣል ድምፅ ነው። ተ ራብዕ ስትሆን እግሯን ወደ ግራ ሰበር ታደርጋለች፤ አንተ ራስህን ወደ ቀኝ ስትጥል እግርህ ሳትጠራው ወደ ግራ ይሄዳል። በዚሁ ሰበብ አንድ በር ላይ «ታከራይ ይፈለጋል» ብዬ አንብቤ፣ ባለቤቱን «ማን ታከራይ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ሰውየው እስካሁን ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

የኃምሱ ቀለበትማ አይነሣ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ናት፤ ኪውን ከኬው የምትለየው እሷ ብቻ ናት፤ አንተ በስብህ ደፈንካት። ባለፈው ወር አክስቴ ከአዘዞ መጥታ አንድ ኬክ ቤት ፊት ቆመች። ታፔላው በአንተ ነው የተጻፈው፤ «ኪክ ቢት» ብላ አነበበች፤ ከዚያ በራሷ «ክክ ቤት» ብላ አርማው ገባች። «አንድ ኪሎ ክክ፣ ልጄ፤ ነቀዝ እንዳይኖርበት።» አስተናጋጇ ሳቀች። አክስቴ ተቀየመች፤ የተቀየመችው ግን ይዣት በሄድኩት በእኔ ነው። ሂሳቡን ማን ይክፈል ሲኞር?

ያም ይሁን፤ ሠርግ ላይ ብትዘም አልጣላህም። ለርዕስ፣ ለሁለትና ለሦስት ቃል ተፈጥረሃል፤ ጥሪ ካርድ ላይ የሙሽሮቹን ስም ይዘህ እስክስታ ውረድ፣ ማን ከልክሎህ። ምግብ ቤት ገብተህ ከሽሮ እስከ ዱለት ያለውን ዝርዝር ሁሉ ካልጻፍኩ ማለት ግን ምን የሚሉት ስስት ነው? ከዚህ የባሰው ደግሞ የዕድራችን ሰሌዳ ላይ ያየሁት ነው። የለቅሶ ማስታወቂያ፣ በአንተ፣ ከነጥላው። «ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ» ይላል፤ ፊደሉ ግን ትከሻውን እየሰበቀ ነው። ሙሾ መሐል የገባ አዝማሪ አየሁ።

ለሚያትመው ልጅ አቤት ብዬ ነበር።

«ቀጥ አድርገህ ብትጽፈው ምን አለበት?»

«ጋሼ፣ ቀጥ ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። ይሄ ይንቀሳቀሳል።»

«ሟቹስ ይንቀሳቀሳሉ?»

ዝም አለ። ከዚያ ጥላውን አጠፋልኝና «አሁን ቀለለ» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሁለት ቁልፍ አግኝቶ ሁለቱንም የሚጫን ሰው ነው።

እውነቱን ልንገርህና ልጨርስ፤ አንድ ቦታ አምሮብሃል። ባጃጅ ላይ፣ በቀኝ ጎኑ በኩል ተለጥፈህ አይቼሃለሁ። ሜዳ ላይ ያው የምታውቀው ነህ። ባጃጁ ወደ ቁስቋም ዳገቱን ሲያያዘው ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና፣ ቂጡን ወደ ታች ዝቅ አደረገና አንተም አብረኸው ቀና አልክ፤ በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ቀጥ ብለህ ቆምክ። «ተመስገን» ነበር የሚለው፤ ተውም ተ ሆና። ከዳገቱ ራስ ላይ ሳትደርስ ጠፋህብኝ እንጂ እስከ መጨረሻው ላነብህ ቆሜ ነበር።

አክባሪህ፣
መነጽሩን ሁለቴ የቀየረ የፒያሳ ሰው