ለጀልባ ሞተር ታርጋ ከየት ይምጣ?

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ አልፈጀውም። ዛሬ ይውጣልኝ።

የጀልባ ሞተር ልገዛ ነው ስል የሰማኝ ሁሉ ይስቃል። "ቱሉ ዲምቱ ባሕር ወጣ እንዴ?" ይላል አንዱ። "ብር በዛብህ ማለት ነው" ይላል ሌላው። ጎበዝ፣ ጣና የማን ነው? አባያና ጫሞስ? ዝዋይስ? በነዚህ ሐይቆች ላይ ስንቱ ነው ዓሣ እያሰገረ ልጅ የሚያሳድገው?

ወንድም ጋሼ ዝዋይ ላይ አስጋሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀዝፍ ኖሮ አሁን ትከሻው እምቢ ብሎታል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ፣ መረብና ቆሮሶ የጫነ ጀልባ እየቀዘፉ ዳር መድረስ ወገብ ይቆርጣል። እናም 5 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ከጀልባው ኋላ የምትንጠለጠል ትንሽ ሞተር ልገዛለት ተነሳሁ። መዝናኛ አይደለችም። ለእሱ እንደ ገበሬ በሬ ናት።

መርካቶ ጀነሬተሩም የውሃ ፓምፑም ሞልቷል። የጀልባ ሞተር ስትል ግን መልሱ "ከውጭ አስመጣ" ነው። እሺ፣ ከውጭ። ኦንላይን ገባሁ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሙላ ይላል። የኔ አድራሻ "ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ነው። የት ጋ ልጻፈው? ዋጋው ደግሞ በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እሱን ተዉት፣ ሁላችሁም ቀምሳችሁታል።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ "እኔ እልክልሃለሁ" አለች። እግዜር ይስጣት። ግን ያገለገለ ሞተር ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ለአውሮፕላን አደገኛ ዕቃ ነው። አዲሱ ደግሞ ከ25 ኪሎ ይበልጣል፣ የሻንጣ ልክ 23 ነው። እዚያ ያለው ሻጭም የራሱ ጉድ አለው። እነዚህ ሞተሮች እግራቸው አጭርና ረጅም አለ፤ 38 ሴንቲና 51 ሴንቲ ገደማ። የሚመረጠው በጀልባው የኋላ ቁመት ነው። እሱ ግን እጁ ላይ የቀረው ረጅሙ ስለሆነ "ሁሉም ያው ነው፣ ውሰጂው" ይላታል። ምኑ ነው ያው? የዝዋይ ጥልቀት በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ጭቃ ስታርስ ልትውል ነው? በስልክ ተጨቃጭቀን አጭሯን አስወጣናት።

በመርከብ መጣች፤ ጅቡቲ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ኮንቴይነሩን የተጋራነው ብዙ ነን። የማላውቀው ሰው የቡና ማሽን ሰነዱ ስላልተሟላ የኔ ሞተር አብራ ታሰረች። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቅልንን ትራንዚተር "ጠቅላላ ስንት ይፈጃል?" ስለው "አታስብ፣ እንነጋገራለን" ይላል። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱም ይደመራል። ከዚያ ቀረጡ ራሱ ተደምሮበት 15 በመቶ ቫት ይከተላል። ይኼን አስቀድሞ በወረቀት አስልቶ የሚሰጥ ሰው ቢገኝ ምን አለበት? በታሪፍ መጽሐፉ ላይ እኮ የጀልባ ሞተር 8407.21 ተብሎ የራሱ ቁጥር አለው። አንዱ የጉምሩክ ሠራተኛ ግን ዓይኑን ሳያሽ "ሊብሬው የታለ?" አለኝ።

ሰፈር ገባች ስል ሌላ ጣጣ። ይህች ሞተር የምትቀዘቅዘው ከሥሯ በምትስበው ውሃ ነው። ያለ ውሃ ካስነሳሃት ኢምፔለር የምትባለው ውስጧ ያለች ትንሽ ጎማ በደቂቃዎች ውስጥ ትበላሻለች። ስለዚህ በርሜል ውሃ ውስጥ ተክለህ ነው የምትሞክራት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ እሱም ከመጣ። ጀሪካን እያሸከምኩ በርሜል ልሞላ ስሯሯጥ፣ የጋራዡ ልጅ "ድምጿን ልስማ" ብሎ ከባጃጁ ቤንዚን ቀድቶ ገመዱን ሳበው። ደረቋን! "ኧረ አጥፋት!" እያልኩ ስጮህ እሱ ደረቱን ነፍቶ "ሰሟት ጋሼ? አንደኛ ናት!" ይለኛል። ምን ትለዋለህ? የጀልባ ሞተር አይቶ አያውቅ።

ቤንዚኑስ? ማደያ ሄድኩ። በጀሪካን አይቀዳም። ክፍያው ከ2015 ወዲህ በስልክ ነው፤ ታርጋ ቁጥር አስገባ ይላል። ጀልባ ታርጋ የላትም! "እንግዲያው ደብዳቤ አጽፈህ አምጣ" ተባልኩ። ነዳጅ በጀሪካን እየተቀዳ በየጥጋጥጉ እንዳይቸበቸብ መቆጣጠሩ ይገባኛል፣ አልቃወምም። ግን ወንድም ጋሼ ነዳጅ ባለቀበት ቁጥር ደብዳቤ ሲያጽፍ ይዋል? ወይስ ጀልባውን ጎትቶ ማደያ ያምጣት?

ለማንኛውም ኢምፔለሯ ሄዳለች። መርካቶ የአይሱዙ ዕቃ ሞልቷል፣ የባጃጅ ዕቃ ሞልቷል፤ የሷ የለም። ፎር ስትሮክ፣ 5 የፈረስ ጉልበት፣ አጭር እግር። ያላችሁ ዋጋውን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። "ዋጋ በኢንቦክስ" የምትሉ ሻጮች፣ እናንተ ጋ ደግሞ ሌላ ቀን እመጣለሁ።