«ቀን ብቻ እኮ ነው!»

እስቲ ልተንፍስ። ከእንግዲህ «ቀን ብቻ እኮ ነው» የሚለኝ ደንበኛ ካለ ላፕቶፔን ሸጬ ሻይ ቡና ነው የምከፍተው።

ስታዲየም አካባቢ ላለ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ ዌብሳይት ሠራሁ፣ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ። እንቁጣጣሽን ዝጋልን አሉኝ። መስከረም 1 ቀን 2018፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11፣ ዘጋሁ። ሲስተሙ ምን አደረገ? ጳጉሜ 5ን ዘግቶ በዓሉን ከፈተው! የእኛ እኩለ ሌሊት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሲታይ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ገና የዋዜማው ማታ። ቀኑን ወደ ዩቲሲ ጽሑፍ ቀይሬ ሳስቀምጠው ዝም ብሎ ዋዜማውን መዘገበልኝ፤ ስህተት እንኳ አላለኝም። በዓሉ ጠዋት ዶሮው ገና ሳይወጣ ባለቤቱ ደወለ፦ «አንተ፣ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ከዘበኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው!»

ሰዓቱማ አይነሳ። 9:00 ብሎ ሲያሳይ የጠዋት ታካሚዎች ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት መጡ። ወደ ሐበሻ ሰዓት ቀየርኩት። ወዲያው አንድ ዲያስፖራ 3:00 ይዞ ከምሳ በኋላ ከተፍ አለ።

ደግሞ ይቺን ስሙ። አንዲት እናት የትውልድ ቀናቸውን ጳጉሜ 3 ቀን 1970 ብለው ሞሉ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1978 ነው። እኔ ሞኙ ሳላሰላው ቁጥሩን እንዳለ ሰጠሁት። አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይመልስልኛል ስል፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1971 አደረጋቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ጳጉሜ ነው የተወለድኩት» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በ1995 በ10 ቀን ነው የሠራው፤ የቀኑ ነገር ደግሞ ጃቫ ከምትባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ተገለበጠ። ጃቫ ራሷ በ1997 አብዛኛውን «ይቅርባችሁ» አለች። ቅጂው ግን ይኸው እኛ ትከሻ ላይ አለ። ቀን ከ1 ይቆጥራል፣ ወር ከ0! ጃንዋሪ ዜሮ ነው በቃ። (የኢትዮጵያን አቆጣጠር አሳይ ሲባል ግን አሳምሮ ያሳያል። ማሳየቱን አልነፍገውም። መቀበሉ ነው ጉዱ፤ ማስላቱ ለእኔ ነው የተረፈው።)

አሁን ባለቤቱ ቴክስት ላከልኝ፦ «ቀሪ ሂሳብህን ነገ 4:00 መጥተህ ውሰድ።» «የጠዋቱ ነው ወይስ የፈረንጁ?» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል። አልመለሰም።